ሽማግሌ የሚልኩት አሠልጣኝ

ኢትዮጵያውያን ተሰደው በሰፈሩበት ከተማ ሁሉ አንድ አሠልጣኝ አይጠፋም። መጀመሪያ የጸሎት ቦታ ይፈለጋል፣ ቀጥሎ ዕድር ይቋቋማል፣ ዕድሩ ገና ሊቀመንበሩን መርጦ ሳይጨርስ አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው ከኋላ ወንበር ብድግ ይልና «ለመሆኑ ቡድን የለንም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ማንም አልሾመውም፤ የሚሽረውም የለም። በወጣትነቱ ኳስ ተጫውቶ ያውቅ እንደሆነ የሚያጣራ አይገኝም፤ ኳስ የተሞላ መረብ በትከሻው አንግቶ መታየቱ ብቻ ለሹመቱ ይበቃዋል። ይህን ሰው የማያውቅ ስደተኛ ካለ ከቤቱ የማይወጣ መሆን አለበት። እሱንም ቢሆን አሠልጣኙ ፈልጎ ያገኘዋል።

በሄግ ከተማ ይህ ሰው ክቡር ዋና አሠልጣኝ ጋሽ ማንደፍሮ ነበሩ። «ክቡር» የምትለዋን የጨመረው ምክትላቸው ብዙነህ ነው። ብዙነህ በስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ አንሶላና ፎጣ ሲያጥብ የሚውል፣ እሑድ ጠዋት በአንዲት ትንሽ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ወንበር የሚደረድር፣ ጠብ የማይወድ ሰው ነው። ኳስም አይወድም። እንዴት ምክትል አሠልጣኝ እንደሆነ ሲጠየቅ «እኔም አልገባኝም» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ በአንድ የሙያ ኮሌጅ ቁልፍ ያዥ ናቸው። ጠዋት በሩን ይከፍታሉ፣ ማታ ይዘጋሉ፣ በመሃል የተሰበረ ወንበር ይጠግናሉ። ከኮሌጁ ጓሮ ሜዳ አለ። ከውጭ አገር የመጡ ተማሪዎች የየራሳቸው ቡድን ይኑራቸው ሲባል የሜዳውም ቁልፍ በሳቸው እጅ ስለነበር አሠልጣኝነቱ ሳይጠየቁ መጣላቸው። በሮተርዳምና በአምስተርዳም ኮሌጆች ያሉ ኢትዮጵያውያንም እንዲሁ ቡድን ስላቋቋሙ፣ ጸደይ በመጣ ቁጥር ሦስቱ ከተሞች ይጋጠማሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ በኮሌጁ ያልተመዘገበ ሰው አይሰለፍም።

ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን ከተማሪዎቹ መካከል ኳስ የሚችለውን ይመርጥ ነበር። ጋሽ ማንደፍሮ ግን በግልባጩ ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ ኳስ ተጫዋቹን በትራም ውስጥ፣ ወይም በትራንስቫል ሰፈር ገበያ ቲማቲም ሲመርጥ፣ ወይም እግዜር ይቅር ይበላቸውና በቅዳሴ መሃል እግሩን አይተው ይለዩታል። ከዚያ በኋላ ተማሪ ያደርጉታል። ይህንንም በስልክ አያደርጉትም። ሽማግሌ ይልካሉ።

ቀልድ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ጋሽ ማንደፍሮ ግን በዚህ አይቀልዱም። «ቡድን ቤተሰብ ነው» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤተሰብ ደግሞ በሽማግሌ ነው የሚመሠረተው።» ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው ከኦርቶዶክሶቹ ወገን አቶ አዘዘን፣ ከወንጌል አማኞቹ ወገን ብዙነህን አስከትለው ይሄዳሉ፤ ተመልማዩ በየትኛውም በኩል ቢሆን አንዱ ያውቀዋል። የሆላንድን ቤት ደረጃ የወጣ ያውቀዋል፤ በስሙ ደረጃ ይባል እንጂ መሰላል ነው። አቶ አዘዘ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ሲወጡ ጎረቤት ያሉ የፈረንጅ እመቤት በራቸውን ገርበብ አድርገው ሦስት ጥቁር የለበሱ ሰዎች ያዩና «የይሖዋ ምስክሮች ከሆናችሁ አያስፈልገንም» ብለው ይዘጋሉ። ብዙነህ በዚህ ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለዋል።

ቤት ሲገቡ «አረፍ በሉ» ይባላሉ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም!» ይላሉ ጋሽ ማንደፍሮ፣ ኮፍያቸውን በደረታቸው ይዘው። ከዚያ ውዳሴው ይጀምራል። የልጁ ግራ እግር እንዲህ ያለ ነው፣ እንደዚያ ያለ ነው፣ ከናዝሬት እስከ ድሬዳዋ መሰሉ አልታየም። አቶ አዘዘ «ውነት ነው» ይላሉ፤ ብዙነህ ራሱን ይነቀንቃል። ልጁ ግን አንዳንዴ ከተወለደ ኳስ በጭንቅላቱ ነክቶ የማያውቅ ይሆናል።

ሄርሜላ ዘንድ የሄዱ ዕለት የሆነውን ሰው ሁሉ ያወራዋል። የመጡት ባሏን መሳይን ሊጠይቁ ነው። ሄርሜላ ልጇን ታቅፋ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና «እሱ ኮሌጅ ገብቶ ኳስ ሲያባርር እኔ እዚህ ኡይትከሪንግ እየጠበቅኩ ዳይፐር ልቀይር ነው?» አለቻቸው። ከመንግሥት የሚሰጠው ድጎማ በዚያ ስም ነው የሚጠራው። ጋሽ ማንደፍሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቁም። ትንሽ አሰቡና «እርስዎም ይመዝገቡ» አሏት፣ ከድንጋጤያቸው የተነሣ አንቱ ብለው። ሁለቱም ተመዘገቡ። መሳይ አንድም ፈተና ሳያልፍ፣ አንድም ኳስ ሳይመልስ ከረመ። ሄርሜላ ግን ዛሬ ነርስ ናት። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ለግራ ክንፍ ሲፈለግ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ፣ ለተጠባባቂነት ሲለመን ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ የቀረ በከተማው ሞልቷል። ጋሽ ማንደፍሮ ይህ ሲነገራቸው ቅር ይላቸዋል። «ዲፕሎማ ዲፕሎማ ትሉኛላችሁ» ይላሉ፣ «ክንፍ ላይ ግን እስካሁን ሰው የለኝም።»

በአሰላለፍ በኩል ደግሞ የራሳቸው ፍልስፍና ነበራቸው። ዲያቆን በረኛ ይሆናል፤ ረጅም ሰዓት መቆም ለምዷል። የወንጌል አማኞቹ አጥቂ ይሆናሉ፤ የማያውቁትን ሰው ቀርበው ማነጋገር አይፈሩም። ነጋዴ የነበረ መሃል ይገባል፤ መስጠትና መቀበል ያውቃል። ይህ ሁሉ ተስማምቶ ሜዳ ሲገባ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

ከሁሉ የባሰው ግን ተጫዋች መቀየር ነው። በሽማግሌ ለምነው ያመጡትን ሰው እንዴት «ውጣ» ይሉታል? ነውር ነው። እና አንድ ጸደይ፣ ከሮተርዳም ጋር በተደረገ ጨዋታ ቃልአብ የሚባለው ክንፍ ተጫዋች ደክሞ መራመድ ሲያቅተው፣ ጋሽ ማንደፍሮ አቶ አዘዘንና ብዙነህን ልብሳቸውን አስተካክለው ሜዳ ውስጥ ላኳቸው። ጨዋታው አልቆመም። ሁለቱ ሽማግሌዎች በተጫዋቾቹ መሃል እየተጠማዘዙ ቃልአብ ዘንድ ደረሱና እጅ ነሡ። «ልጄ» አሉት አቶ አዘዘ፣ «ጋሽ ማንደፍሮ ልከውን ነው። ቅር ሳይልህ ብትወጣልን።» ቃልአብ በበኩሉ የጨዋ ልጅ ስለሆነ «እስቲ ላስብበት» አለ። የፈረንጁ ዳኛ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ቆመ። ለሽማግሌ ቢጫ ካርድ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ደንብ አላነበበም።

ብዙነህ ያን ዕለት ምክትልነቱን ሊተው ወስኖ ነበር። በሳምንቱ ግን ጋሽ ማንደፍሮ ከኮፍያቸው ላይ ዝናብ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሙና «ስኪዳም ከተማ አንድ ልጅ አለ» አሉት። ካፖርቱን አንሥቶ ተከተላቸው።

የስኪዳሙ ልጅ ፈቃደ ነበር። ከአሮጌ የአረቄ ማውጫ አጠገብ ጣሪያ ሥር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል፤ ቀን ቀን በመስታወት በተሠሩ የአትክልት ቤቶች ውስጥ ቲማቲም ይለቅማል። አባቱ እሱ እዚህ ከመጣ በኋላ አዲስ አበባ ሞተዋል፤ በዚህ አገር የኔ የሚለው ዘመድ የለውም። ሽማግሌዎቹ ገቡና እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ለወትሮው ልጁን የሚጠይቁት ሚስቱን፣ እናቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን ነው። እዚህ የሚጠየቅ ሰው የለም። ጋሽ ማንደፍሮ ግራ ቀኙን አዩና ጉሮሯቸውን ጠርገው «ፈቃደን እንድትሰጠን ልንለምንህ ነው የመጣነው» አሉት፣ ራሱን ፈቃደን። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ብዙነህ ነገሩ ገብቶት ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

ፈቃደ አገር ቤት በሰፈሩ ቡድን መሃል አጥቂ ነበር፤ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቅለታል። ጋሽ ማንደፍሮ ግራ ተከላካይ አደረጉት። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። ልጁም አልጠየቀም። የኤሌክትሪክ ትምህርቱን እየተማረ፣ ሌሎቹ ጎል ፍለጋ ወደፊት ሲግተለተሉ እሱ ከኋላ ብቻውን እየቀረ ዓመታት ተጫወተ።

በ1996 ጸደይ፣ ከአምስተርዳም ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ ፈቃደ የአምስተርዳምን ማልያ ለብሶ ወጣ።

ምንም አልተናገረም ነበር። ትምህርቱን ወደዚያ አዛውሮ፣ መሃል አጥቂ እንደሚያደርጉት ቃል ተገብቶለት፣ በባቡር እየተመላለሰ ከርሟል። ጋሽ ማንደፍሮ ሜዳ ዳር ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ዓይናቸው የተሳሳተ መስሏቸው መነጽራቸውን ጠረጉ። ልጁ ጎል ሲያገባባቸው ሳይታወቃቸው አጨበጨቡ። ከዚያ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተቱ። ሲመለሱ በባቡሩ መስኮት እያዩ ከአምስተርዳም እስከ ሄግ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሲያወሩ ጆሮ የሚያደነቁሩት ሰውዬ ዝም ሲሉ ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙነህ ያን ቀን አወቀ። ፈቃደንም በልቡ ክፉኛ ተቀየመው። ክርስቲያን መሆኑን አስቦ እንኳ ቂሙን ሊተው አልቻለም።

ስለዚህ በበጋው ማለቂያ ላይ ፈቃደ ኮሌጁ ጓሮ ድረስ ሲመጣ ብዙነህ ሰላምታውን በግማሽ አፉ ነው የመለሰለት። ጋሽ ማንደፍሮ ወንበር ገልብጠው ብሎን እያጠበቁ ነበር።

«ጋሼ» አለ ልጁ። «ሴት ወድጃለሁ። ሰገነት ትባላለች፣ የአቶ ገብረሥላሴ ልጅ። አባቷ ያለ ሽማግሌ አይሰሙም። እኔ ደግሞ...»

«የአምስተርዳሙ አሠልጣኝህስ?» አለ ብዙነህ።

«ነገርኩት። የአባቷን ስልክ ስጠኝና ልደውልላቸው አለኝ።»

ብዙነህ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ፈቃደ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሳልነግርዎ...» ብሎ ጀመረ። ጋሽ ማንደፍሮ ብሎን መፍቻውን አነሡ።

«ቅዳሜ ይመቻቸዋል?» አሉት።

አቶ ገብረሥላሴ የሚኖሩት ትራንስቫል ነው። አገር ቤት ዳኛ ነበሩ ይባላል፤ እዚህ በአረጋውያን መኖሪያ ወለል ሲወለውሉ ኖረው ጡረታ ቢወጡም አነጋገራቸው ከችሎቱ አልወረደም። በሩን የከፈተችው እዚሁ ያደገችው ታናሽ ልጃቸው ሳያት ናት። ሦስቱን ሽማግሌዎች ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና ጋሽ ማንደፍሮን «አፍስፕራክ አለህ?» አለቻቸው። ቀጠሮ ማለቷ ነው። አቶ አዘዘ አማተቡ። ከውስጥ የሳህን ድምፅ ተሰማና ወዲያው ጸጥ አለ፤ ሰገነት ማድ ቤት ውስጥ እያዳመጠች መሆኑን ብዙነህ አወቀ።

ቆመው ተናገሩ። ብዙነህ ሲመጡ ጀምሮ ሁለት ነገር ፈርቶ ነበር። ጋሽ ማንደፍሮ እንደ ልማዳቸው ካጋነኑ አዛውንቱ ውሸቱን በአንድ ጥያቄ ያፈርሱታል። ቂማቸውን ካወጡ ደግሞ ልጁ አለቀለት። በዚህ አገር ሌላ የሚልከው ሰው የለውም።

አቶ ገብረሥላሴ ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጋሽ ማንደፍሮ፣ አገር ያወራዋል። ይህ ልጅ እርስዎን ጥሎ አምስተርዳም ገባ ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ነግሮዎት ነው የሄደው?»

አቶ አዘዘ ሳል ሳል አላቸው።

«አልነገረኝም» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

«ያሳደገውን ሰው ሳይነግር የሚሄድ ልጅ፣ ነገ ልጄንስ ሳይነግራት ቢሄድ?»

ጋሽ ማንደፍሮ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩ። ብዙነህ ከናዝሬት እስከ ድሬዳዋ የሚለውን ጠብቆ ዓይኑን ጨፈነ። የሰማው ግን ሌላ ነው።

«መሃል አጥቂ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አውቅ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅኩት። ከኋላ ያቆምኩት ሌላ የሚቆምልኝ ሰው ስላልነበረኝ ነው። ሌሎቹ ኳስ ወደፊት ስትሄድ ቦታቸውን ጥለው ይሮጣሉ፤ ብቆጣም አይሰሙኝም። እሱ ልቡ ፊት ሆኖ እግሩ ከኋላ ቆመልኝ። አንድ ቀን አላማረረም። እኔም የማያማርር ሰው አገኘሁ ብዬ እንደዚያው አኖርኩት። ደግ አላደረግሁም። ሲሄድ ያልነገረኝ ፊቴን አይቶ መሄድ ስላቃተው ነው። አዝኜበታለሁ፤ አልደብቅዎትም። ግን ልጅዎን ሲሄድ ማንም ለማያዝንበት ሰው ከሚሰጧት ለዚህ ቢሰጧት ይሻላል።»

ከታች ትራሙ አልፎ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ብዙነህ ዓይኑን ገልጦ አጠገቡ የቆሙትን ሰው አያቸው። ካፖርታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ጢማቸው እሱ ሳያስተውል ሸብቷል። በዚህ ሁሉ ዓመት ያፈረባቸው ሰው እኒህ ናቸው።

አቶ ገብረሥላሴ ግን በአንድ ምስክርነት ፋይል የሚዘጉ ሰው አልነበሩም። «ጥሩ ተናገሩ» አሉ። «እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይህ ነው። በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ለወግ ብቻ አይደለም። ባል ሲበድል ሴቲቱ ሄዳ የምትከስበት ዘመድ መኖሩን ለማወቅ ነው። ይህ ልጅ ወገን የለውም። ቢበድላት ልጄ ማን ዘንድ ትሄዳለች?»

«እኔ ዘንድ» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

«እርስዎን ጥሎ የሄደ ልጅ እርስዎን ይሰማል?»

ጋሽ ማንደፍሮ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፊታቸው ያን ቀን በባቡሩ ውስጥ የነበረውን ይመስል ነበር። ብዙነህ አንጀቱ አልቻለም። ቂሙንም፣ ጠብ አለመውደዱንም፣ ራስ መነቅነቅ ብቻ ድርሻው መሆኑንም ረሳ።

«ጋሽ ገብረሥላሴ፣ ልናገር?» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እሳቸውን ጥሎ የሄደ ልጅ የለም። ብዙ ልጆች ሄደዋል፤ ለንደን የሄደ አለ፣ ካናዳ የሄደ አለ። ሲታመሙ የሚደውሉት ለሳቸው ነው፤ ሲጣሉም፣ ሲወልዱም ለሳቸው ነው። ፈቃደም አምስተርዳም አሠልጣኝ አለው። ሽማግሌ ሲያስፈልገው ግን አንገቱን ደፍቶ የመጣው ወደ እሳቸው ነው። የማይሰማቸው ቢሆን ያፍራቸው ነበር? እኔ ኳስ አልወድም። ስድስት ዓመት ሙሉ በዝናብ የተከተልኳቸው ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን ልንገርዎት። እኔም እዚህ አገር ወገን የለኝም። አንድ ነገር ብሆን በዚህ ደረጃ ላይ ወጥተው የሚቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። ለፈቃደ ደግሞ እኔም አለሁለት። አጎቱ ነኝ፤ ይጻፉት። ከበደላት እኔ ዘንድም ትምጣ።»

ጋሽ ማንደፍሮ ወደ እሱ አልዞሩም። ኮፍያቸውን ግን አጥብቀው ያዙት፤ ጠርዙ ተጣጠፈ። አቶ አዘዘ «ውነት ነው» አሉ።

አቶ ገብረሥላሴ ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ። ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ በር ፊታቸውን መለሱ፤ ሰገነት እጇን በፎጣ እያበሰች ቆማ ነበር። አባቷ በዓይን ጠየቋት፤ እሷም በዓይን መለሰች።

«እንግዲያውስ» አሉ መነጽራቸውን እያጠለቁ፣ «የሚመጣው ቅዳሜ ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ።»

ጋሽ ማንደፍሮ የተጣጠፈውን የኮፍያቸውን ጠርዝ እያቃኑ ወደ ብዙነህ ዞሩ። «እናመጣዋለን» አለ ብዙነህ።